በይፋት ቆላ ምጥ ጠባቂ ነበርኩ

ሥራዬን ለቅቄ ከሸዋ ሮቢት ስወጣ ሦስት ዓይነት ወሬ ተከተለኝ። አንዱ አርግዛለች አለ። ሌላው ከጤና ጣቢያው ኃላፊ ጋር ተጣልታ ተባረረች አለ። ሦስተኛው የመንግሥት ምስጢር አባክና ነው የሚል ነበር፤ ይኼኛውን ማን እንደጀመረው አውቃለሁ፣ ስሙን ግን አልጽፍም። እውነቱ ለወሬ አይበቃም። አለቃዬ ሲስተር አበበች ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ፣ በቦታቸው ሰው አልተተካም፣ እኔም ደሴ አንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። አሁን ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ቃል በእርሳስ ፊደል እደረድራለሁ፤ ሲመሽ የራሴን እጽፋለሁ። የድሮው ሥራ ግን ከዓይኔ አልወጣም። ሰው ፊቴ ቆሞ ሲያወራ አፉን ትቼ መቀነቱን፣ የነጠላውን አጣጣል፣ የእግሩን አቋቋም አያለሁ። ምን እየደበቀ ይሆን እላለሁ። ይህን ያስለመደኝ የይፋት ቆላ ነው።

ግጥም የተማርኩት ከግድግዳ ነው። አባቴ መንገድ ጠጋኝ ስለነበር ያደግነው ጣርማ በር ዋሻው አጠገብ ነው፤ እናቴ ብርዱን ለመከላከል ግድግዳውን በአሮጌ ጋዜጣ ትለጥፈው ነበር። ከጋዜጣው ግማሹ ተዘቅዝቆ ነው የተለጠፈው። የወጣበትን ግጥም ሁሉ፣ የተዘቀዘቀውንም አንገቴን አዙሬ አነበብኩት። ስድስተኛ ክፍል እንዳለፍኩ የነርስ ረዳት ይፈለጋል ሲባል ተወዳደርኩና በመጀመሪያ ደጋው ላይ አንድ ትንሽ ክሊኒክ መደቡኝ። የዚያ ክሊኒክ አለቃ ክኒን ሲሰጡ የራሳቸውን ጥርስ ነቅለው የሚሰጡ ይመስሉ ነበር። ቁስል ማጠብና መርፌ መቀቀል ከእሳቸው ተማርኩ። ሌላ የሚያስተምሩኝ ነገር ስለሌላቸው ዝውውር ጠየቅሁ፤ ማመልከቻዬ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲንከባለል ከርሞ በመጨረሻ ወደ ቆላ፣ ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ወረድኩ። ደመወዙ ያው ነበር። ሙቀቱ ብቻ ጨመረ።

ሲስተር አበበች ኮሙኒቲ ነርስ ይባሉ ነበር፤ ሥራቸው ጣቢያው ውስጥ ሳይሆን መንደር ለመንደር ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ጫማቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ያገኘኋቸው ቀን ገና ሳልቀመጥ፣

«ወልደሻል?» አሉኝ።

«አላገባሁም።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም።»

«አልወለድኩም።»

«እንግዲያው ብዙ ትሰሚያለሽ፣ ትንሽ ታያለሽ» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ የመጀመሪያው ምጥ ቤት ስደርስ ነው። በዚያ አገር ያልወለደች ሴት ምጥ አታይም። ክርስቲያኑም እስላሙም ቤት ያው ነው። ሴቶቹ በር ላይ አስቁመው ከላይ እስከ ታች ካዩኝ በኋላ ረጅም ክርክር ሆነ። ሲስተር አበበች ረዳቴ ናት ብለው ጸኑ፤ ሴቶቹም ትግባ ግን አትይ አሉ። ጎታው ሥር ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ፣ ለምታምጠው ሴት ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲህ በገባሁበት ቤት ሁሉ ቦታዬ ይኸው ነበር። ሲስተር ሲጠሩኝ እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ ጨርቅ አቀብላለሁ፣ ውሃ አቀብላለሁ፣ ዞሬ ግን አላይም።

ስለዚህ ሥራውን የተማረው ጆሮዬ ነው። ምጡ ገና ሲሆን ሴትዮዋ በመሃል በመሃሉ ታወራለች፣ ትቀልዳለች፣ ዶሮ ታባርራለች። ቀጥሎ የጠየቋትን ለመመለስ ትዘገያለች። ከዚያ ስሟን ቢጠሩም አትሰማም። መጨረሻ ላይ ድምፁ ከጉሮሮዋ ወደ ሆዷ ይወርድና የተቀረቀረ ጋሪ የሚገፋ ሰው ድምፅ ይሆናል። ያን ጊዜ ማንም ግፊ ሊላት አይገባም፤ ሰውነቷ ራሱ ይገፋል። ችግሩ ሴቶቹ ግፊ የሚሏት ገና ዶሮ በምታባርርበት ሰዓት መሆኑ ነው። ሆዷን በቅቤ ያሻሉ፣ ያስነሷታል፣ ያስቀምጧታል፣ ጉልበቷን ያለጊዜው ያስጨርሷታል። ሥራችን ሲጠቃለል ጤነኛውን ምጥ እንዲተዉት ማስተማር፣ ጤነኛ ያልሆነውን ደግሞ ቶሎ እንዲልኩብን ማግባባት ነበር።

ሲስተር አበበች አንድ ቤት ሲደርሱ ሁልጊዜ የሚያደርጉት ነገር አለ። ቦርሳቸውን ይዘው አይገቡም። አጥሩ ላይ ሰቅለው፣ አፉን ከፍተው፣ የፈለገ እንዲያይ እንዲበረብር ይተዉታል። ቦርሳው ልጅ የሚነጥቅ፣ ማህፀን የሚዘጋ ነገር አለበት የሚባል ወሬ ስለነበር ሴቶቹ እውነትም ይበረብሩ ነበር፤ አንዷ እንዲያውም ሳሙናውን በምላሷ ቀምሳ አረጋግጣለች። ከዚያ ሲስተር ጥፍራቸውን ሰው እያየ ይቆርጣሉ፣ እጃቸውን ሰው እያየ ይታጠባሉ። ከገቡ በኋላ መሬት ቁጭ ይሉና እንዝርታቸውን አውጥተው ጥጥ ይፈትላሉ። ምጡ እስኪገፋ ድረስ ይፈትላሉ። መጀመሪያ ቸልተኝነት መስሎኝ ታዘብኳቸው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ብጠይቃቸው፣

«እጄ ባዶ ከሆነ የማያገባው ቦታ ይገባል» አሉኝ። «ለማሰር ነው።»

እየፈተሉ ግን ያያሉ። በየመሃሉ እንዝርቱን አስቀምጠው በእንጨት ማዳመጫቸው የልጁን ልብ ያዳምጣሉ፣ የሚፈስሰውን ውሃ መልክ ያያሉ፣ የእናቲቱን እጅ ይነካሉ። ደህና ከሆነ ወደ ፈትላቸው ይመለሳሉ።

ከሁሉም የሚከብደው ምጥ ያለበትን ቤት ማግኘት ነው። ሰው ምጥ ይደብቃል። ወሬው በወጣ ቁጥር ምጡ ይጠናል፣ ዓይን ይገባበታል ይባላል። እርግዝናም ይደበቃል፤ ስንተኛ ወርሽ ነው ብሎ መጠየቅ እንደ ስድብ ነው። እኔ ምልክት መሰብሰብ ጀመርኩ። ነጠላዋን ከትከሻዋ ላይ ወደ ፊቷ የምትጥል ሴት። ሥራ ፈትቶ በሩ ላይ የተቀመጠ፣ ምጡ እንዲፈታ ብሎ መቀነቱን ያላላ ባል። እሳት ለመጫር ብለው አንድ በአንድ የሚገቡና እሳት ሳይዙ የሚወጡ ጎረቤቶች። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ለሲስተር እነግራቸዋለሁ። ሰዎቹም እንደማያቸው ያውቃሉ። «ያቺ ሰላይ መጣች» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

የጣቢያው ኃላፊ የእኛ ነገር አይጥማቸውም ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን ትምህርታቸው ሁሉ ስለ በሽታ ስለሆነ ምጥንም እንደ በሽታ ያዩታል፤ በብረት አልጋ ላይ በጀርባ ካልተኙ መውለድ ያለ አይመስላቸውም። በገበያ ቀን ላንድሮቨሩን ግራሩ ሥር አቁመው የጽዳት ተቆጣጣሪው ሳኒታሪያን በድምፅ ማጉያ እንዲያነብ ያደርጋሉ። «ምጥ ከጀመራት ቀንና ሌሊት ያለፋት እናት ከነልጇ የሞት አደጋ ላይ ናት» ይላል። ቃሉ ከመጽሐፍ የተቀዳ ነው፣ ስህተት የለበትም። አንድ ቀን ከዚህ ቀጥሎ ነፍሰ ጡሮች ወደ ፊት ወጥታችሁ ሳሙና ውሰዱ ተባለ። አንድም ሴት አልወጣችም። ማሽላ የሚሸጡ ሽማግሌ ከተቀመጡበት ሳይነሱ፣

«ሳሙናው ስለምንድን ነው?» አሉ። «ሆድ ውስጥ ያለውንም ግብር ልታስከፍሉት ነው?»

ገበያው ሳቀ። ኃላፊው አልሳቁም። እኔም ያን ቀን የሴቶቹን ፊት አንድ በአንድ ያዝኩ፤ ከመሃላቸው ያልሳቀችው አንዲት ብቻ ነበረች።

ያቺ ሴት ዘሃራ ናት። ከሮቢ ወንዝ ማዶ ካለች መንደር የመጣች፣ ሰይድ የሚባል ገበሬ ያገባች ልጅ እግር። አማቷ እትዬ ሐዋ የመንደሩ አዋላጅ ናቸው። እትዬ ሐዋ እኛን ሲያዩ ሰላምታቸው በጣም ይረዝማል። «እንደምን ከረማችሁ፣ ልጆቻችሁ፣ ከብቶቻችሁ» ይላሉ፣ ልጅም ከብትም እንደሌለን እያወቁ። ሰላምታው ሲያልቅ ወሬው አብሮ ያልቃል።

ከዚያ ገበያ ብዙም ሳይቆይ እትዬ ሐዋ ሰው ላኩብን። እሳቸው ይልካሉ ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ገና ስንነሳ ክፉ ነገር እንዳለ ጠረጠርኩ። ስንደርስ አሥር አለቃው ቀድሞናል። አሥር አለቃው ከጦር የተሰናበተ ሰው ነው፤ ከካራቆሬ በጭነት መኪና እየመጣ በየገበያው መርፌ ይወጋል፣ ሕዝቡም ዶክተር ይለዋል። ምጥ የሚያስቸኩል መርፌ አለው። ለዘሃራ ወግቷት ሣጥኑን ዘግቶ ሄዷል።

ጎታው ሥር ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥኩ። የሰማሁትን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ምጥ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ መሄዱ ነው ሴትን የሚያሳርፋት። የዘሃራ ምጥ አልሄደም። አንዴ ጨምድዶ ያዛትና ለትንፋሽ እንኳን አልለቀቀም። ሲስተር አበበች እንዝርታቸውን አላወጡም። ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ቆዩ፣ ቦታ ቀየሩ፣ እንደገና ቆዩ። ከዚያ ማዳመጫውን መሬት ሲያስቀምጡ ሰማሁ። ልጁ ሞቶ ተወለደ፤ ወንድ ነበር። ዘሃራ ደም ብዙ ፈሰሳትና ላንድሮቨሩ ደብረ ብርሃን ድረስ ወሰዳት፤ ነፍሷ ተረፈች።

ያን ቀን ስንመለስ እኔ በልቤ ፈርጄ ጨርሻለሁ። መርፌ ወጊውን ያስጠሩት እትዬ ሐዋ ናቸው። ሲያዋልዱ የኖሩ ሴትዮ ምጡ ቢያስቸግራቸው ለእኛ ከመላክ አሥር አለቃውን መረጡ፤ ነገሩ ሲበላሽ ላኩብን። ሁሉም ነገር ለዚህ ምስክር ሆነልኝ። ዓይናችንን አለማየታቸው፣ ሬሳውን ሲቀበሉ አለማልቀሳቸው፣ ስንወጣ እስከ አጥሩ ድረስ አለመሸኘታቸው። ለሲስተር ብነግራቸው፣

«አየሽ?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«ሲጠሩት።»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ዝም በይ።»

በቀጣዩ ዓመት ዘሃራ ነጠላዋን ወደ ፊቷ መጣል ጀመረች። ለሲስተር ነገርኳቸው። እሳቸውም ገበያውን ትተው እንዝርታቸውን ይዘው ወንዝ መውረድ ጀመሩ። ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ፣ ልብስ ሲያጥቡ፣ እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይፈትላሉ። ስለ መውለድ አንስተው አያውቁም። ስለ ጥጡ ያወራሉ፣ የዘንድሮው ጥጥ አጭር ነው፣ ይበጠሳል ይላሉ። ሴቶቹ መጀመሪያ ራቅ ብለው ነበር የሚቀዱት። ቀስ በቀስ ቀረቡ፤ የፈትሉን ቅጥነት ሊተቹ ነው የቀረቡት።

አንድ ቀን ዘሃራ ብቻዋን ወደ ኋላ ቀረች። እኔ መታገሥ አልቻልኩም።

«ያኔ አሥር አለቃውን ያስጠሩት እትዬ ሐዋ ናቸው አይደል?» አልኳት።

ልብሱን መጭመቋን አላቆመችም። «እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ?»

«ሰይድን የላክሁት እኔ ነኝ። እማ ሐዋማ በሩን ይዘው አይገባም ብለው ነበር። ወላሂ እጃቸውን ነክሼ ነው ያስለቀቅኋቸው።»

«ለምን?»

አሁን ቀና አለች። «እናንተ አይደላችሁ እንዴ ገበያ መሃል የለፈፋችሁት? ቀንና ሌሊት ካለፋት ትሞታለች አላችሁ። እኔን ወገቤን የቆረጠመኝ ማማው ላይ ሆኜ ወፍ ስጠብቅ ነው፣ በጠዋት። ሲመሽ ቆጠርኩ። ሲነጋ ቆጠርኩ። ልሞት ነው ብዬ መርፌ ብለምን ምን አጠፋሁ?»

የሲስተር አበበች እንዝርት ቆመ። «ዘሃራ» አሉ፣ «ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር የነገረሽ ሰው አለ?»

«ምኑ?»

«ምጡ። የወገብ ቁርጠቱ አይቆጠርም። እየመጣ እየሄደ፣ እየጠነከረ፣ ወሬሽን ሲያስቆምሽ ነው መቁጠር የሚጀመረው። ያን ቀን ስናገኝሽ ከዚህ ብትቆጥሪ ግማሽ ቀንም አልሞላሽም።»

ዘሃራ ልብሱን አስቀመጠች። «ይህንን ድምፅ ማጉያው አላለም» አለች።

ሲስተር በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ገቡ። እኔ ደጅ ሆኜ ሰማሁ፤ ደጅ ሆኖ መስማት ሥራዬ ሆኗል።

«ሰው ካልፈራ አይመጣም፣ ሲስተር» ይላሉ ኃላፊው።

«ፈርተዋል። ግን የሚሮጡት ወደ እኛ አይደለም።»

«ታዲያ ምን እንበላቸው? ምጥ ጨዋታ ነው እንበል?»

«ሲሄድ እንዴት እንደሚሄድ እንንገራቸው። ሰው ደህናውን ካላወቀ ክፉውን በምን ይለየዋል?»

ኃላፊው፣ «እዚህ አልጋ ላይ የወለደች በሪፖርቴ ትታያለች። በእርስዎ ትምህርት በቤቷ በሰላም የወለደች የት ትታያለች?» አሉ።

«የትም» አሉ ሲስተር አበበች።

ኃላፊው እኛን መጠርጠራቸው አልቀረም፤ ሲስተር ሴቶቹን ከጣቢያው እያሸሹ ነው ብለው ለወረዳው እንደተናገሩ በኋላ ሰማሁ። ቢሆንም ድምፅ ማጉያው ለጊዜው መኪናው ውስጥ እንዲቆይ ፈቀዱ። ጣቢያ የምትመጣዋም ሴት የምታምናትን አንዲት ሴት ይዛ እንድትገባ፣ ከፈለገችም ሰሌን ላይ ተንበርክካ እንድትወልድ ተስማሙ። ለሲስተር ይህ ትልቅ ድል ነበር፤ እኔን ግን ኃላፊው እንዲህ በቀላሉ መስማማታቸው አላማረኝም።

የእኔ ድርሻ ቃል ማበጀት ነበር። ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ የሚያንጎራጉሩት ነገር ጻፊ ተባልኩ። ጻፍኩ፦

እንግዳ ሲመጣ ከሩቅ አገር ወጥቶ፣
እጁን አትጎትቱት ይገባል ዘግይቶ።

በግጥሜ ኮርቼ ወንዙ ዳር አነበብኩት። ያን ቀን እትዬ ሐዋም ነበሩ። ከዘሃራ ምጥ ወዲህ ከእኛ ጋር ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነው።

«ማነው የጻፈው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ ሐዋ።»

«ያስታውቃል። ምጥ ላይ ያለች ሴት ዘግይቶ ስትያት ደስ ይላታል?»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«እኔ እንጃ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ።» እንስራቸውን ተሸክመው ሊነሱ ሲሉ፣ «በርትቶ በይው» አሉ። ሄዱ። «ይገባል በርትቶ» ሆነ፤ ሴቶቹም የያዙት እሱን ነው። የእኔን ቃል ማንም አላስታወሰውም።

እትዬ ሐዋ ግጥሜን ካረሙ በኋላም አላመንኳቸውም። ዘሃራ እኔ ነኝ ብትልም አማቷን ፈርታ ይሆናል ብዬ አስብ ነበር። ሰይድንም አላመንኩትም። ካራቆሬ ገበያ ከአሥር አለቃው ጋር ጫት ሲቅም ያየው ሰው ነግሮኛል።

የዘሃራ ቀን ሲደርስ ጠዋት ላይ የላከብን ሰይድ ነው። መንገዱን ስናጋምስ ጥርጣሬዬ ልክ ሆኖ ተሰማኝ፤ ከወንዙ ማዶ ከዘሃራ ደጅ ካለው ግራር ሥር ወንዶች ተሰብስበዋል፣ ከመሃላቸውም አሥር አለቃው ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሰይድ ሁለታችንንም ጠርቷል። ሲስተር አዩት፣ ሰላም አሉት፣ ቦርሳቸውን አጥሩ ላይ ሰቀሉ፣ እጃቸውን ታጥበው ገቡ።

ምጡ ደህና ጀመረ። ዘሃራ ተንበርክካ፣ ከጣሪያው የወረደውን ገመድ ይዛ፣ እትዬ ሐዋ ከኋላዋ ደግፈዋታል። ሴቶቹ ምጡን እንድታቀልላት «ያ ፋጡማ» እያሉ ይለምናሉ። ወሬዋን አቆመች፣ ስሟን መስማት አቆመች። ድምፁ አሁን ወደ ሆዷ ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ አልወረደም። ጭራሽ ተመልሳ ማውራት ጀመረች። ፀሐይዋ ከበሩ ላይ ራቀች። ሴቶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ።

«መርፌውን አምጡልኝ» አለች ዘሃራ። «ያኛውም እንዲህ ነው ያደረገኝ።»

ሲስተር አበበች አዳመጡ። «ልጁ ደህና ነው» አሉ።

«አንቱ ደህና ይላሉ» አሉ አንዲት ጎረቤት። «ሰው ምኑን ሰምቶ ያምናል?»

ሲስተር ማዳመጫውን ለእትዬ ሐዋ ሰጧቸው።

«የራሴ ደም ነው የሚጮኸው» አሉ እትዬ ሐዋ።

«ትንሽ ወደ ግራ ያድርጉት። የእርስዎ ይዘገያል፣ የሱ ይሮጣል።»

እንደገና አዳመጡ። ከዚያ እትዬ ሐዋ፣ «ይሮጣል» አሉ።

ሲስተር እጃቸውን የዘሃራ ሆድ ላይ አደረጉ፤ ከሚሉት ነው ያወቅሁት። «እዚህ ከእምብርቷ በታች ያበጠው ምንድን ነው? ዘሃራ፣ ከሸናሽ ስንት ሰዓት ሆነሽ?»

«ከጠዋት ጀምሮ አልወጣችም» አሉ እትዬ ሐዋ።

«ለምን?»

«ወንዶቹ ደጅ አሉ» አለች ዘሃራ። «ያ ሰውዬም አለ። እንዲህ ሆኜ ያዩኛል?»

ነገሩ ይህ ነበር። ፊኛዋ ሞልቶ የልጁን መንገድ ዘግቶታል። ያስጨነቃት ደግሞ ሊያድናት ደጅ የተቀመጠው ሰው ነው። ሲስተር ወደ እኔ ዞረው፣ «ሂጂ፣ ወንዶቹን አንሺልኝ» አሉኝ።

ወጣሁ። ግራሩ ሥር ቆሜ ሁሉም ወደ አውድማው ማዶ እንዲሄዱ ነገርኳቸው። አሥር አለቃው ሳቀ።

«አንቺ መቼ ወልደሽ ነው ስለ ምጥ የምታዢን?» አለ።

«አንተስ መቼ ወለድክ፣ አሥር አለቃ?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንዱ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ሰይድ ግን አልተነሳም።

«ያለፈው ጊዜ ዘግይቶ ነው የተወጋው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አሥር አለቃው ቀድሜ ብጠራ ልጁ ይተርፍ ነበር ብሎኛል። አሁን አርቄው ልጄ ቢሞት ማን ይጠየቅልኛል?»

ደፍሬ፣ «እናትህን ጠይቃቸው። የልጅህን ልብ አሁን በጆሯቸው ሰምተዋል» አልኩት። ሰይድ ወደ በሩ ሄዶ «እማ» ብሎ ተጣራ። እትዬ ሐዋ ከውስጥ ሳይወጡ፣

«ያንን ሣጥን ይዘህ ከዓይኔ ጥፋ» አሉት።

ወንዶቹ ሄዱ። ሴቶቹ ነጠላና ሻሻቸውን አያይዘው መጋረጃ ሠሩ፣ ዘሃራን በመሃላቸው ይዘው ከቤቱ ጀርባ ወሰዷት። እኔም ከአንዱ ጫፍ ይዣለሁ፣ ፊቴን አዙሬ። ብዙ ቆየን። ማንም አላስቸኮላትም። ስትመለስ በእግሯ እየተራመደች ነው፣ ግማሽ መንገድ ላይም ቆመችና ያ ድምፅ ወረደ።

እትዬ ሐዋ ተቀበሉ። ሲስተር አበበች እንዝርታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ከጎናቸው ቁጭ ብለዋል፤ የተናገሩት «አይጎትቱ» የሚለውን ብቻ ነው፣ እሱንም አንድ ጊዜ። ሴት ልጅ ተወለደች። እትብቱ መምታቱን ሲያቆም በተቀቀለ ምላጭ ቆረጡ። እልልታው ሲነሳ እኔ ጎታውን እያየሁ አለቀስኩ።

ነገሩ እዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ገበያ የሰማሁት ግን ዘሃራን አሥር አለቃው ወግቶ አዋለዳት የሚል ነው። ሣጥኑን ይዞ ሲመጣ አገር አይቶታል። ሲሄድም ሰይድ ለድካሙ ዶሮ እንዳስያዘው አገር አይቶታል። የተወጋ መርፌ ሲሆን ወሬ አለው፤ ያልተወጋ መርፌ ምን ወሬ አለው? አሥር አለቃውም አላስተባበለም። በዚያ ሳምንት ሁለት ምጥ ቤት ተጠራ። እኛ አልተወጋችም ብንል፣ «እናንተማ የመንግሥት ናችሁ፣ ምን ትላላችሁ» ይሉናል። እትዬ ሐዋን ለምን አይናገሩም ብላቸው፣ «ስለ ልጄ ቤት ገበያ ወጥቼ ላውራ?» አሉኝ። ደግሞ ጠረጠርኳቸው።

ኃላፊው መፍትሔ አገኙ። ዘሃራን ከነልጇ ላንድሮቨሩ ላይ አቁመን በድምፅ ማጉያ እናስመስክር አሉ።

«አታደርጉትም» አሉ ሲስተር አበበች። ከዚያ በፊት ለኃላፊው እንዲህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። «ልጅቷ አንዴ ብታስነጥስ ዓይን በላት ይላሉ። ሁለተኛ ማንም በሩን አይከፍትልንም።» የዝውውሩ ደብዳቤ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ ከአንዱ የተነሳ ነው ብዬ መማል አልችልም፣ አይደለም ብሎ የሚምል ግን አላገኘሁም።

ሲስተር ሊሄዱ ሲቃረቡ ወንዝ ወረድን። ዘሃራ ከአራስ ቤት ወጥታ ልጇን አዝላ ውሃ ልትቀዳ መጥታለች። ሴቶቹ ሲያዩዋት ተጠጉ። አንዲት ረጅም ሴት፣ ሁልጊዜ ከሁሉም ራቅ ብላ የምትቀዳ፣ እንስራዋን እየሞላች እንደዘበት፣

«መርፌው አሞሽ ነበር?» አለቻት።

ዘሃራ እንስራዋን አስቀመጠች። ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ለሲስተር ሰጠቻቸው። እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰበች፤ ሌላኛውንም። ከዚያ ቀሚሷን ወደ ጭኗ ሳበች፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት።

«ፈልጉ» አለች።

ሴቶቹ ተያዩ። ረጅሟ ሴት ቀድማ መጣችና በአውራ ጣቷ ክንዷን እየዳሰሰች መፈለግ ጀመረች። እያላገጠች አልነበረም፤ እህል ውስጥ ጠጠር እንደሚለቅም ሰው ነበር የምትፈልገው።

«ይቺስ?» አለች።

«ትንኝ ናት።»

«ይቺስ?»

«የማሽላ አገዳ ነው የወጋኝ።»

«ዙሪ።»

ዘሃራ ዞረች። ሴትዮዋ ወገቧን፣ ዳሌዋን አየች። ሌሎቹም አዩ። ልጅቷ ሲስተር እቅፍ ውስጥ ማልቀስ ጀመረች፣ ዘሃራ ግን እስኪጨርሱ አልተንቀሳቀሰችም።

ረጅሟ ሴት ጨረሰችና የዘሃራን ቀሚስ ወደ ታች መለሰችላት። እንስራዋን ተሸከመች። በሲስተር አጠገብ ስታልፍ እግሯን ገታ አድርጋ፣ ወደ ውሃው እያየች፣

«እኔን ገበያ ላይ እንዳትጠሩኝ» አለች። «ቀኔ ሲደርስ ሰው እልክባችኋለሁ።»

አቀበቱን ይዛ ሄደች። እርጉዝ መሆኗን ያወቅነው ከዚህ ቃሏ ነው። እኔ እንኳን አላየሁባትም ነበር።